«ያለ ምንም ደም» ካልን በኋላ፦ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እንዴት ወጣ፣ እንዴትስ ገዛ?

(በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ወጣቶች በተዘጋጀ የውይይት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከኋላ ወንበሮች ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቻችንም፣ እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ብርድ፣ ከሥራ መልስ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ ወደዚህ መድረክ ያመጣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ ስንሰበሰብ፣ እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ሰው እንዴት ገደለ? እናንተስ ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ሰዓቱ አልቆ ስለ ነበር በጥቂት ቃል አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ሰው አልገደለም፤ ሊገድልም አይችልም። የት ነበራችሁ ለሚለው ደግሞ መልሱ እዚያው ነበርን ነው። እዚያው ነበርን፤ ብዙዎቻችንም እናጨበጭብ ነበር።

ነገሬን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ሰውዬው እንዴት ወደ ሥልጣን እንደ ወጣ፣ ቀጥዬ አገዛዙ እንዴት ወደየቤታችን እንደ ገባ፣ በመጨረሻም እንዴት እንደ ሄደ እናገራለሁ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ከቆየሁ ታገሡኝ፤ በዓይኔ ያየሁት እሱን ነውና። ዘመኑን በእኛው አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሚባል ሰው መኖሩን ከሦስተኛ ክፍለ ጦር ውጭ የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም። በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠነ፣ እዚሁ አሜሪካ መጥቶ ስለ መሣሪያ ግምጃ ቤት ሥራ የተማረ፣ ሐረር ላይ የሚያገለግል መኮንን ነበር። ልብ አድርጉ፣ አብዮቱን የጀመረው እሱ አይደለም። በጥር ወር ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች በምግባቸውና በውኃቸው ብልሽት ተማርረው አለቆቻቸውን አሰሩ። በየካቲት የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን በደሞዛቸውና በአዲሱ የትምህርት ዕቅድ ተቆጥተው ሥራ አቆሙ። የወሎ ረሃብ ተደብቆ መቆየቱ ደግሞ የሁሉንም አንጀት አቁስሎ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሕዝቡ ተነሥቷል፤ ግን የተነሣውን ሕዝብ የሚመራ የተደራጀ ፓርቲ አልነበረም። መሣሪያም ድርጅትም በአንድነት የነበረው ሠራዊቱ ብቻ ነበር።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየክፍለ ጦሩ የተመረጡ፣ ማዕረጋቸው ከሻለቃ የማይበልጥ ወደ 120 የሚጠጉ መኮንኖች፣ ባለ ሌላ ማዕረጎችና ወታደሮች አዲስ አበባ በአራተኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው ደርግን አቋቋሙ። ደርግ የግዕዝ ቃል ነው፤ ኮሚቴ ማለት ነው። መንግሥቱ በመካከላቸው ጎልቶ የወጣው ጥሩ ተናጋሪ ስለ ነበር፣ ሌላው ሲያመነታም እሱ ስለማያመነታ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት አወጧቸው፤ አዲሱን መንግሥትም «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር» አሉት። ይህ ጊዜያዊ የተባለ ነገር 13 ዓመት ቆየ። ያን ጊዜ በከተማው ሁሉ የሚሰማው መፈክር ምን ነበር? «ያለ ምንም ደም፣ ኢትዮጵያ ትቅደም!» እኔም በአሥራ ሁለት ዓመቴ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ብዬዋለሁ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ስንት ወር ነው? ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሑድ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን ሳያወልቅ ሬዲዮ ይከፍታል። በዚያ ጠዋት የመጀመሪያው የደርግ ሊቀ መንበር ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም መሞታቸው፣ ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎችና መሳፍንት በሌሊት መረሸናቸው ተነገረ። ዛሬ ስድሳዎቹ የምንላቸው ናቸው። ጄኔራሉ ቤታቸው ተከቦ ሲታኮሱ ሞቱ፤ ሌሎቹን ከርቸሌ ወስደው ያለ ዳኛ፣ ያለ ክስ፣ ያለ መልስ ረሸኗቸው። አባቴ መቀሱን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠና፣ «ያለ ፍርድ?» አለ። ሌላ ምንም አላለም። እናቴ በሩን ዘጋች። ውጭ ግን «እሰይ!» የሚሉ ድምፆች ይሰሙ ነበር፤ እኔም ከቤት ሾልኬ ወጥቼ «እሰይ» ካሉት ጋር ቆሜያለሁ። ይህን የምነግራችሁ ያ ቀን ሁሉንም ነገር የወሰነ ቀን ስለ ሆነ ነው። ሟቾቹ ጥፋት ነበረባቸው አልነበረባቸውም የሚለውን አሁን አላነሣም፤ ኖሮባቸው ቢሆን ፍርድ ቤት ነበር፣ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቁሞ ሥራ ጀምሮ ነበር። በዚያ ሌሊት የሞተው ግን ፍርድ ራሱ ነው። «ሲገባቸው ነው» ብለን ስናልፈው፣ ለነገ የእኛው ልጆች የሚሆነውን በር በእጃችን ከፈትን።

ደግሞ እውነቱን ሳልሸራርፍ ልናገር። ደርግ ሁሉ ነገሩ ክፉ ቢሆን ኖሮ ማንም አይከተለውም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። የእናቴ አባት ጭሰኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መሬት አርሰው ግማሹን እህል ለባለ ርስት ሲሰፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አዋጁ ሲነገራቸው ማሳው መሐል ገብተው አፈሩን በእጃቸው ዘግነው ሳሙት። አዲስ አበባ ላይ የወጣውን ሕዝብ ብዛት ያየ ሰው ይመሰክራል፤ ያ ደስታ በግዴታ የመጣ አልነበረም። «መሬት ለአራሹ» ተማሪዎች ለዓመታት የተደበደቡበት፣ የታሰሩበት ጥያቄ ነው። ደርግ ያን ጥያቄ ወሰደ፣ መለሰ፣ በምላሹም የሕዝብን እምነት ተቀበለ። ሶሻሊዝሙም እንደዚሁ ከተማሪው አፍ የተወሰደ ነው፤ ወታደሮቹ ሥልጣን ሲይዙ ማርክስን ያነበበ በመካከላቸው ጥቂት ነበር። ቃሉን ተማሩት፣ ከዚያም ቃሉን ያስተማሯቸውን ሰዎች ገደሉበት።

እንዴት? ይህን ወጣቶቹ በደንብ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። በዚያን ጊዜ ከነበሩት የግራ ድርጅቶች ሁለቱ ትልልቆቹ የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ)ና የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) ናቸው። ሁለቱም ማርክሲስት ነን ይላሉ፣ ሁለቱም ከዚያው ከተማሪው ንቅናቄ የወጡ ናቸው፤ ወንድም ለወንድም፣ የአንድ ክፍል ተማሪ ለአንድ ክፍል ተማሪ ነበሩ። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ። መኢሶን ደግሞ ለደርጉ «ሒሳዊ ድጋፍ» እንስጠው፣ በዚህ መሐል ሕዝቡን እናንቃ፣ እናደራጅ፣ እናስታጥቅ አለ። ክርክሩ በጽሑፍ ጀመረ፣ በጥይት ቀጠለ። ኢሕአፓ በከተማ ውስጥ የመኢሶንና የቀበሌ ሰዎችን ገደለ፤ በመስከረም 1969 ዓ.ም. መንግሥቱን ራሱን ለመግደል ሞክሮ አቆሰለው። መኢሶን በበኩሉ በቀበሌዎች የአብዮት ጥበቃ ጓዶች እንዲታጠቁ ገፋ። የታጠቁት ጓዶች መጀመሪያ ኢሕአፓን አደኑ፤ ዓመቱ ሳያልቅ፣ በነሐሴ 1969 ዓ.ም.፣ ራሱን መኢሶንን ማደን ጀመሩ። የመኢሶን መሪ ኃይሌ ፊዳ ተይዘው ታሰሩ፣ በኋላም ተገደሉ። እኔ ለአንዱ ወይም ለሌላው ጠበቃ ልሆን አልመጣሁም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ወንድምና እህት የቀበሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የምለው፣ ሁለቱ ሲጨራረሱ ትርፉን ያፈሰው ሦስተኛ ሰው መሆኑን ነው።

በደርግ ውስጥም የሆነው ያው ነው። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ሻለቃ ሲሳይ ሀብቴ ተረሸነ፤ የቀሩት አጨበጨቡ። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል የደርጉን አሠራር ለውጠው የመንግሥቱን ሥልጣን ቀነሱት። ሥልጣኑን በወረቀት ቀነሱት፣ ጠመንጃው ግን በእጁ ቀረ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ሦስቱንም ከሌሎች ጋር ይዞ አስገደላቸው፤ የቀሩት አጨበጨቡ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. የደርጉ ምክትል ሊቀ መንበር፣ ደርጉን ካቋቋሙት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ የነበረው ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተረሸነ፤ የቀሩት አሁንም አጨበጨቡ። እያንዳንዱ ሲያጨበጭብ «ተራው የእኔ አይደለም» ይል ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ይህ አገዛዝ ወደ ቤታችን በየትኛው በር ገባ? በቀበሌ በር ነው የገባው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ የተቋቋመው ቀበሌ በመጀመሪያ መልካም ነገር ይመስል ነበር፤ የቤት ኪራይ ቀነሰ፣ ሰፈርተኛው ራሱ የራሱን ሰው መረጠ። እያደር ግን ምን ሆነ? ስኳሩም፣ ጤፉም፣ ሳሙናውም በቀበሌ ሱቅ በደብተር የሚታደል ሆነ። መታወቂያ የሚሰጥህ ቀበሌ ነው። የምትኖርበት ቤት የቀበሌ ነው። የሚያስርህም ቀበሌ ነው፤ የራሱ ጠባቂ፣ የራሱ እስር ቤት ነበረው። ስኳር የሚሰፍርልህ እጅና ጠመንጃ የሚያነሣብህ እጅ አንድ ሲሆን፣ ለሰልፍ ውጣ ስትባል እንዴት ትቀራለህ? ስም ይጠራ ነበር እኮ! የቀረ ሰው ይመዘገብ ነበር።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. አሰሳ የሚባለው መጣ። ከተማው ተዘጋ፤ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ተባለና ቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ። የሚፈለገው መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ማባዣና ወረቀት ነው። በእኛ ቤት መሣሪያ የለም፤ የታላቅ ወንድሜ ወረቀት ግን ነበር። «ዴሞክራሲያ» የምትባለው የኢሕአፓ ልሳን ጥቂት ቅጂዎች በፍራሽ ውስጥ ነበሩ። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ምጣዱን ጣደች፣ ሊጡን አቀረበች፣ በቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ ከምጣዱ ሥር እየከተተች እንጀራ ጋገረች። የትኛው እንደሚያስገድል ስለማታውቅ የእኔን የሒሳብ ደብተርም አብራ አነደደችው፤ ሽፋኑ ቀይ ነበር። አብዮት ጠባቂዎቹ ሲገቡ ቤቱ በጭስ ታፍኖ፣ እሷ በመቀነቷ ዓይኗን እየጠረገች እንጀራ ታወጣለች። አንደኛው ጠባቂ ትኩስ እንጀራ ለምኖ በልቶ ወጣ። እስከ ዛሬ ድረስ የተቃጠለ ወረቀት ሲሸተኝ እጄ ይቀዘቅዛል።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ፣ ማለትም በመስቀል አደባባይ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እየወረወረ ሰበረ፤ ጠላቶቹ የሚገባቸውን አሳየ። ከጎረቤቶቻችን ጋር ለሰልፍ ወጥቼ ነበር። ከሩቅ ስለ ነበርኩ መስታወቱ ሲሰበር አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ጭብጨባውን ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሜይዴይ ዋዜማ፣ በሚያዝያ 21 ሌሊትና በማግስቱ በአዲስ አበባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተጨፈጨፉ። ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። «ነጻ እርምጃ» የሚባል ቃል መጣ። ነጻ እርምጃ ማለት የቀበሌ ሹም ወይም ጠባቂ ማንንም ሳይጠይቅ ሰው መግደል ይችላል ማለት ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በመንገድ ዳር የተጣሉ ሬሳዎች ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ እናይ ነበር። የሟቾቹን ብዛት የሚገምቱ ሰዎች አንዳንዶቹ በአሥር ሺዎች፣ አንዳንዶቹ እስከ ግማሽ ሚሊዮን ያደርሱታል። በትክክል የቆጠረ አልነበረም፤ መቅበርም ማልቀስም ተከልክሎ ማን ሊቆጥር?

አሁን ስለ አንድ ልጅ ብቻ ልንገራችሁ። ከእኛ ቤት አጥር የሚጋራ ቤት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ የተቃጠለውን የሒሳብ ደብተሬን በእጁ ያረመልኝ እሱ ነው። በ1970 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በሌሊት መጥተው ወሰዱት። ከወሰዱት አንዱ ከቤታቸው ሁለት ቤት ከፍ ብሎ የሚኖር፣ ከልጁ ጋር ኳስ ሲጫወት ያደገ ጎረምሳ ነበር፤ እናቱና የልጁ እናት የአንድ ዕድር አባሎች ናቸው። እናትየው፣ እኛ እማማ የምንላቸው፣ በየቀኑ ስንቅ በሰፌድ ቅርጫት ይዘው ቀበሌው እስር ቤት በር ላይ ይሰለፉ ነበር። ባዶው ሳህን ተመልሶ ሲወጣ ልጁ አለ ማለት ነው። እሱን ገልብጠው ያዩታል፤ አንድ ቀን ከሳህኑ ሥር በጥፍሩ ጭሮ የጻፈውን የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አሳይተውኛል። ከዚያ አንድ ጠዋት ስንቁ ሳይነካ ተመለሰ። ጠባቂው «ከእንግዲህ አያምጡ» አላቸው። ሌላ ቃል አልተናገረም። ሬሳውን ለማንሣት የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እማማን የጥይት ዋጋ የጠየቃቸውም የለም፣ ሬሳም አልሰጧቸውም። ዕድሩ ድንኳን እንዳይተክል ታዘዘ። ጥቁር መልበስ ተከለከለ። እማማ በዚያ ሳምንት እሑድ ለቀበሌው የውይይት ክበብ ተጠርተው መጡ፣ ከሁላችን ጋር ተቀመጡ፣ ካድሬው ስለ መደብ ትግል ሲያስረዳ ጭብጨባ ሲታዘዝ እጃቸውን አነሡ። የሁለቱ እጆቻቸው መዳፎች ግን አልተገናኙም፤ አየር ላይ ቀሩ። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ፣ አይቼዋለሁ። እኔ አጨበጨብኩ።

ወገኖቼ፣ የዚህን ሰው አገዛዝ በቤተ መንግሥቱ ታሪክ ብቻ የሚነግራችሁ ሰው ግማሹን ነው የሚነግራችሁ። መንግሥቱ የዚያን ልጅ ስም አያውቅም። የሚያውቀው ሁለት ቤት ከፍ ብሎ ያለው ጎረምሳ ነው። የአምባገነኑ ሥራ ጎረምሳው ያንን እንዲያደርግ ፈቃድ መስጠት፣ ፈቃዱንም አብዮት ብሎ መጥራት ነበር።

ጦርነቱን በአጭሩ ልለፈው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ወረረን። በእናት አገር ጥሪ የገበሬው ልጅ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ዘመተ፤ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደር መጣ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆነ። የዚያን ድል ክብር ከሞቱት ልጆች ላይ ማንም ሊወስድ አይችልም፤ እኔም አልወስድም። ነገር ግን ድሉ ለአንድ ሰው ሐውልት ሆነ። «ከቆራጡ መሪያችን ጋር ወደፊት» የሚለው መፈክር በየግድግዳው ተጻፈ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከበረ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም ተመሠረተ። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ሰልፉንና ጌጡን አዘጋጁ። ትልልቅ ቅስቶች፣ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕሎች ከተማውን ሞሉት። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል መፈክር በየአደባባዩ ነበር። በዚያው ሰዓት በወሎና በትግራይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከወራት በፊት አስጠንቅቆ ነበር፤ ድግሱ እስኪያልፍ ግን ረሃቡ በአደባባይ አይነሣም ነበር። ዓለም ያየው በጥቅምት፣ የኮረም ሥዕሎች በቴሌቪዥን ሲታዩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ያወረዳቸው ረሃብን መደበቃቸው አልነበረም እንዴ? እሳቸው በወረዱበት ዋዜማ የወሎን ረሃብ ፊልም ለሕዝብ ያሳየው ይኸው ደርግ አልነበረም እንዴ?

አያቴን አስታወሳችሁ? አፈር የሳሙትን? በ1977 ዓ.ም. ልጠይቃቸው ስሄድ በሬያቸውን ለገበያ ሲያዘጋጁ አገኘኋቸው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በመንግሥት ዋጋ የሚሸጡት ኮታ እንደ ተመደበባቸው፣ ማሳቸው ግን ያን ያህል እንዳልሰጠ ነገሩኝ። ስለዚህ በሬ ሸጠው፣ ከነጋዴ በውድ ዋጋ እህል ገዝተው፣ ለመንግሥት በርካሽ ሊያስረክቡ ነው። «መሬቱ የእኔ ሆነ፤ እህሉ የእኔ አልሆነም፤ አሁን በሬውም ሄደ» አሉኝ። በዚያው ዘመን 600,000 ያህል ሰው ከሰሜን ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋና ወደ ከፋ ሰፈረ፤ ብዙው በግድ ተጭኖ ነው የሄደው፣ ብዙ ሰውም በመንገድና በወባ አለቀ።

ያን ጊዜ እኔ የታሪክ መምህር ሆኜ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ አፈሳ የሚሉት ነገር ነበረ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ ከኋላ ሁለት ረድፍ ሙሉ ዝም አለ። ቅዳሜ በገበያ ታፍሰው በመኪና ተጭነው ሄደዋል። በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ማስተማር ነበረብኝ። ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ወደ መጨረሻው ደረስኩ፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ፣ አፋቤት ላይ፣ ሠራዊቱ በአማፅያኑ ተሰበረ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን የትግራይዋ ሐውዜን በመንግሥት አውሮፕላኖች ተደበደበች፤ 2,500 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበር፣ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አምሐ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ። ከተያዙት ጄኔራሎች 12ቱ ግንቦት 13 ቀን 1982 ዓ.ም. ተረሸኑ። አገሪቱ በጦርነት ላይ ሳለች ጦሩን የሚመሩትን ሰዎች ገደለ ማለት ነው። ልክ በዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ሰውዬው የብላቴን የጦር ማሠልጠኛ ሊጎበኝ ነው ተብሎ በአውሮፕላን ተነሣ፤ አውሮፕላኑ ግን ወደ ናይሮቢ አመራ፣ ከዚያም ወደ ዚምባብዌ ዋና ከተማ ወደ ሐራሬ። «አንድ ሰው እስኪቀር» እያለ ሌላውን ሲያዘምት የኖረ ሰው ከአገር ወጥቶ ሄደ። በሐረር፣ በከረን፣ በደሴ የቀረውን ሠራዊት ግን ማን ይዞት ሄደ? በየጎዳናው ሲለምን ያየነው እኮ ያው ካራማራን የወጣው ወታደር ነው።

በሰውዬው ላይ ክሱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀመረ፤ 12 ዓመት ፈጀ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፣ በጥር የዕድሜ ልክ እሥራት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደበት፤ ሁሉም እሱ በሌለበት ነው። ከበታቾቹ አንዱን፣ በጎጃም እስረኞች ያስገደለውን፣ በሄግ የሚገኝ ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እሥራት ፈርዶበታል። ስለዚህ ልጆች፣ ይህ ነገር አርጅቶ ያለቀ አይምሰላችሁ። በስደት አገር የምንገበያይበት ሱቅ፣ የምንቆርብበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንቅ ያመላለሱም፣ ስንቅ የመለሱም ሰዎች አብረው ቆመዋል።

ፍርዱ በተሰማ በዚያች ጥር እማማ በሕይወት ነበሩ። እዚህ አገር ከመጣሁ ቆይቼ ነበር፤ ስልክ ደወልኩላቸው። ጆሮአቸው ስለ ደከመ መጮህ ነበረብኝ። «እማማ፣ በመንግሥቱ ላይ ፈረዱበት፤ ዕድሜ ልክ!» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ፣ «የት ነው ያለው?» አሉኝ። «ሐራሬ» አልኳቸው። «ሩቅ ነው?» አሉ። «አዎ፣ ሩቅ ነው።»

«ታዲያ ስንቅ የሚያመላልስለት ሰው አለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አልታሰረም እኮ እማማ፣ ከነቤተሰቡ በቤቱ ነው የሚኖረው ብዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣልኝም። በስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸውን እየሰማሁ ቆየሁ፤ ካርዱ አልቆ መሥመሩ ተቋረጠ።

ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ወጣት እዚህ ካለ፣ መጀመሪያ እሱ ይጠይቀኝ።